ጭሱ አሻራውን የተወበት ቦታ፦ የሳንባ ካንሰርና የ«ጠባቂ ጂኖች» ታሪክ



ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም በአትላንታ ኦሎምፒክ የሴቶች ማራቶን የበቆጂዋ ልጅ ፋጡማ ሮባ በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ገብታ ወርቅ አጠለቀች። የኦሎምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከእርሷ አራት ዓመት በፊት ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና 10 ሺህ ሜትሩን ወስዳ ነበር፤ ከእርሷ በኋላ ደግሞ ቀነኒሳና ጥሩነሽ መጡ። በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። አላህ በዚህ ቀጭን አየር ያሳደጋቸው ልጆች ዓለምን በሳንባቸው አስደነቁ።

ከፋጡማ ድል ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ጥቅምት 8 ቀን 1989 ዓ.ም፣ አሜሪካ ውስጥ «ሳይንስ» በሚባለው መጽሔት አንድ አጭር የጥናት ጽሑፍ ወጣ። ጸሐፊዎቹ ሚኻይል ዴኒሴንኮ፣ አኒ ፓኦ፣ ሙን-ሾንግ ታንግ እና ጌርድ ፋይፈር ይባላሉ። የሲጋራ ጭስ ሳንባን የሚመታበትን ቦታ ፊደሉ ድረስ ለይተው አሳዩ። ስለ ወርቁ ያልሰማ የለም፤ ስለዚህ ጽሑፍ ግን የሰማ ጥቂት ነው።

ዛሬ ወደዚያ ጽሑፍ የደረሰውን ረጅም መንገድ እንይ። ምክንያቱም በየጫት ቤቱና በየበረንዳው የምንሰማው አንድ ክርክር አለ፦ «አያቴ እስከ 90 ዓመቱ ጋያ አጭሶ ሳል እንኳ ሳይዘው ሞተ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ሲጋራ በእጇ ሳትነካ በሳንባ ካንሰር ሞተች። ስለዚህ ሲጋራው ሰበብ ነው፤ ነገሩ ቀደር ነው።» ይህን የሚል ወንድም አልዋሸም። የአያቱም፣ የጎረቤቱም ታሪክ እውነት ሊሆን ይችላል። የተሳሳተው ከሁለቱ ታሪኮች ያወጣው መደምደሚያ ነው። መልሱም ያለው በነዚህ ጂኖች ታሪክ ውስጥ ነው።

(ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

▪️ 350 ዓመት መልስ የጠበቀ ጥያቄ

ትምባሆ ከአሜሪካ አህጉር ተነስቶ ወደ ሙስሊሙ ዓለም የደረሰው በ1600 ግድም፣ ማለትም በሒጅራ አንድ ሺህ ዓመት አካባቢ ነው። ቁርኣንም ሐዲስም በስሙ ያልጠሩት አዲስ ነገር ስለነበር ዑለማእ ተከራከሩበት። በካይሮ ሁለት የማሊኪያ መዝሀብ ሊቃውንት በተለያየ ወገን ቆሙ። በ1631 ግድም ያረፉት ኢብራሂም አል-ለቃኒ «ሐራም ነው» አሉ። በ1656 ያረፉት ዐሊይ አል-ኡጅሁሪ ደግሞ አእምሮን እስካልጋረደ ድረስ ይፈቀዳል አሉ። ሱልጣን ሙራድ አራተኛ በ1633 በጥብቅ ከለከሉ። የደማስቆው ዐብዱልገኒይ አን-ናቡሉሲ ደግሞ መፈቀዱን የሚሞግት ኪታብ ጻፉ። አላህ ለሁሉም ይዘንላቸው።

ክርክሩ ብዙ መልክ ነበረው። ከመሃሉ ግን አንድ ጥያቄ ይገኛል፦ ይጎዳል ወይስ አይጎዳም? ጎጂ ነገር እንደሚከለከል ያልተስማማ አልነበረም። ችግሩ የሚያጨሰው ሰው ቆሞ ሲሄድ ይታያል፤ ውስጡን ግን ያየ የለም። ጉዳት አለ የሚለውም፣ የለም የሚለውም ሊያሳይ የሚችለው ማስረጃ በእጁ አልነበረም። ጥያቄው 350 ዓመት ያህል ጠበቀ።

▪️ መጀመሪያ ቁጥሩ መጣ

በ1950 ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል በለንደን ሆስፒታሎች፣ ኧርነስት ዊንደርና ኢቫርትስ ግራሃም ደግሞ በአሜሪካ የሳንባ ካንሰር ታማሚዎችን ስለ ኑሯቸው ጠየቁ። ታማሚዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም አጫሾች ሆነው ተገኙ። ዶልና ሂል በዚህ አላበቁም። በ1951 ለእንግሊዝ ሐኪሞች መጠይቅ ልከው ከ40 ሺህ በላይ መልስ አገኙና መልስ የሰጡትን ሐኪሞች ለአሥርት ዓመታት ተከታተሉ። በ2004 የወጣው የ50 ዓመቱ ውጤት እንዳሳየው፣ ሳያቋርጡ ያጨሱት ካላጨሱት በአማካይ 10 ዓመት ቀድመው ሞቱ።

የትምባሆ ኩባንያዎች ግን ዝም አላሉም። በ1954 መጀመሪያ ከ400 በሚበልጡ የአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ማስታወቂያ አውጥተው ነገሩ አልተረጋገጠም አሉ። መከራከሪያቸው የእኛ ሰፈር ክርክር ታላቅ ወንድም ነው፦ ቁጥር አብሮ መሄድን ያሳያል እንጂ ጭሱ ራሱ ምን እንዳደረገ አያሳይም። እውነት ነው፤ እጁን የያዘው ገና አልነበረም።

ተጠርጣሪው ግን ከጥንትም ይታወቅ ነበር። በ1775 እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት የጭስ ማውጫ የሚጠርጉ ወንዶች ጥቀርሻ በሚሰበሰብበት የሰውነታቸው ክፍል ካንሰር እንደሚይዛቸው ጽፎ ነበር። በ1915 ጃፓናውያኑ ያማጊዋና ኢቺካዋ የጥንቸል ጆሮ ላይ የከሰል ሬንጅ ደጋግመው በመቀባት ካንሰር አስነሱ። በ1933 የለንደን ተመራማሪዎች ከዚያ ሬንጅ ውስጥ ካንሰር አምጪውን ንጥረ ነገር ነጥለው አወጡ። ቤንዞፓይሪን ይባላል። ተክልም ሆነ ከሰል በደንብ ሳይነድ ሲቀር ይፈጠራል፤ በሲጋራ ጭስ አለ፣ በማገዶ ጭስም አለ።

▪️ የእግር ፍሬንና የእጅ ፍሬን

ሰውነታችን ከሕዋሳት የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ዲኤንኤ በሚባል፣ በአራት ፊደላት ብቻ በተጻፈ መመሪያ ይሠራል። የመመሪያው አንድ አንድ ክፍል ጂን ይባላል። ከካንሰር ጋር የሚገናኙ ጂኖች በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ እንደ መኪና ነዳጅ መርገጫ ናቸው፤ ሕዋሱ እንዲባዛ ያዛሉ። ሌሎቹ እንደ ፍሬን ናቸው፤ «በቃ፣ አቁም» ይላሉ። ሐኪሞች ሁለተኞቹን ዕጢ ገቺ ጂኖች ይሏቸዋል። እኛ ጠባቂ ጂኖች እንበላቸው።

በ1971 በቴክሳስ ይሠራ የነበረው ሐኪም አልፍሬድ ክኑድሰን፣ ሬቲኖብላስቶማ የሚባል የዓይን ካንሰር የያዛቸውን የ48 ሕፃናት መዝገብ መረመረ። አንዳንዶቹን ገና በጨቅላነታቸው በሁለቱም ዓይናቸው ያዛቸው። ሌሎቹን ዘግየት ብሎ በአንድ ዓይናቸው ብቻ። ክኑድሰን ሒሳቡን ሲሠራ፣ በሽታው የሚነሳው በአንድ ምት ሳይሆን በሁለት ምት ነው አለ። ትርጉሙ ኋላ ጠራ። ከእያንዳንዱ ጂን ሁለት ቅጂ አለን፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሠራል። የእግር ፍሬኑ ቢበጠስ በእጅ ፍሬን እንደሚቆም አይሱዙ ማለት ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ሁለቱም ሲበጠሱ ነው። ከወላጁ አንድ የተበላሸ ቅጂ ይዞ የተወለደ ሕፃን የቀረው አንድ ምት ብቻ ስለሆነ ቶሎ ይታመማል።

በ1986 ጂኑ ራሱ ተገኘ፤ አር-ቢ ተባለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ማንም ያልጠበቀው ነገር ታየ። የሕፃናት ዓይን ጠባቂ ተብሎ የታወቀው ይኸው ጂን፣ በአዋቂዎች ሳንባ ውስጥ «ስሞል ሴል» በሚባለው ኃይለኛ ካንሰር ተበላሽቶ ተገኘ። ይህ ካንሰር የሚይዘው ከሞላ ጎደል አጫሾችን ነው። አንድ ጠባቂ በብዙ በር ይቆማል ማለት ነው።

▪️ ፒ-53፦ የሚያስቆመው ኡስታዝ

ከጠባቂዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ፒ-53 ነው። በ1979 ሲገኝ ተመራማሪዎቹ ነዳጅ መርገጫ መሰላቸው፤ አሥር ዓመት ሙሉ እንደዚያ አሰቡ። በ1989 የበርት ቮገልስታይንና የአርኖልድ ለቪን ቡድኖች ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን፣ ጤነኛው ፒ-53 ፍሬን መሆኑን አሳዩ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች ይህ ጂን በሳንባ ካንሰር ውስጥ በብዛት ተበላሽቶ እንደሚገኝ አስታወቁ።

ሥራውን መድረሳ የገባ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ተማሪ በለውሑ ላይ የጻፈውን ለኡስታዙ ሲያነብ፣ አንድ ሐርፍ ከሳተ ኡስታዙ ያስቆመዋል። እስኪያስተካክል አያሳልፈውም። ስሕተቱ ከበዛ ለውሑን አጥቦ እንደ አዲስ እንዲጽፍ ያዘዋል። ፒ-53ም እንዲሁ ነው። ሕዋስ ዲኤንኤው ሲጎዳ «ቁም፣ መጀመሪያ ጠግን» ይለዋል። ጉዳቱ የማይጠገን ከሆነ ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያዛል፤ ቦታውን ጤነኛ ሕዋስ ይይዘዋል። በየቀኑ በሰውነታችን ውስጥ ይህ ሁሉ ይሠራል፤ እኛ ተኝተንም ቢሆን። ሱብሓነላህ!

ኡስታዙ ራሱ ከተመታ ግን ስሕተት የያዘው ተማሪ ይቀጥላል። ስሕተቱን ለሌሎች ያስተላልፋል፣ በላዩም ሌላ ይጨምራል። የተበላሸ ሕዋስ የተበላሸ ልጅ ይወልዳል። ካንሰር የሚባለው ይህ ነው።

▪️ አሻራው

አሁን ወደ 1996ቱ ጽሑፍ እንመለስ። ፒ-53 393 ማያያዣዎች ያሉት ሰንሰለት ነው። በዚያን ጊዜ በሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ላይ አንዳንድ ማያያዣዎች ከሌሎቹ ይልቅ ተደጋግመው እንደሚመቱ ይታወቅ ነበር፤ ከነሱም ውስጥ 157ኛው፣ 248ኛውና 273ኛው ይገኛሉ። ለምን እነዚህ? ማንም እርግጠኛ አልነበረም።

እነዴኒሴንኮ ያደረጉት ይህን ነው። ቤንዞፓይሪን ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሰውነት ታጥቦ እንዲወጣ ብሎ ይለውጠዋል። የተለወጠው ግን ከመጀመሪያው የባሰ ሆኖ ከዲኤንኤ ጋር ይጣበቃል። ተመራማሪዎቹ ይህን የተለወጠ ንጥረ ነገር ወስደው፣ በቤተ ሙከራ ባደጉ የሰው ሕዋሳት ላይ፣ የአየር ቧንቧ ሕዋሳትም ጭምር፣ ጨመሩት። ከዚያ ፒ-53 ላይ የት የት እንደተጣበቀ ፊደል በፊደል ቆጠሩ። በዋነኛነት የተጣበቀው 157፣ 248 እና 273 ላይ ሆኖ ተገኘ። በታማሚዎቹ ላይ የሚመቱት ራሳቸው!

ሌላም ምልክት አለ። ይህ ንጥረ ነገር የሚጣበቀው «ጂ» በሚባለው የዲኤንኤ ፊደል ላይ ነው፤ ሕዋሱ ሲገለብጠው ብዙ ጊዜ «ጂ»ን «ቲ» አድርጎ ይጽፈዋል። በአጫሾች የሳንባ ካንሰር ውስጥ በብዛት የሚታየውም ይኸው ከ«ጂ» ወደ «ቲ» የሚደረግ ለውጥ ነው። ከለንደኑ ቁጥር 46 ዓመት በኋላ «ጭሱ ምን እንዳደረገ አሳዩን» ለሚለው ጥያቄ መልስ ተገኘ።

▪️ ታዲያ አያቱስ?

ፒ-53 ብቻውን አይደለም። ፒ-16ና ኤስ-ቲ-ኬ-11 የሚባሉ ሌሎች ጠባቂዎችም በሳንባ ካንሰር ሲመቱ ተገኝተዋል። በ2015 የታተመ ጥናት 110 የ«ስሞል ሴል» ካንሰሮችን ሙሉ ዲኤንኤ ሲመረምር፣ ከሞላ ጎደል በሁሉም ውስጥ ፒ-53ና አር-ቢ አብረው ወድመው አገኘ። ስለዚህ አንድ ሕዋስ ወደ ካንሰር እስኪደርስ ብዙ ምት ያስፈልጋል። ምቶቹም በአንድ ሕዋስ ላይ መደራረብ አለባቸው።

ጭስ የሚያደርገው የምቱን ቁጥር ማብዛት ነው። በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሰላው በቀን አንድ ፓኮ የሚያጨስ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ በእያንዳንዱ የሳንባ ሕዋሱ ላይ በአማካይ 150 ለውጥ ይጨምራል። አብዛኞቹ ለውጦች ባዶ ቦታ ላይ ይወድቃሉ። ጠባቂ ላይ የሚወድቀው ግን መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ሌሊት ወደ መንደር ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው አስበው። አንድ ድንጋይ ሜዳ ላይ ሊወድቅ ይችላል። 20 ዓመት ሙሉ በየሌሊቱ የሚወረውር ግን «ማንንም አልመታሁም» ቢል የሚያምነው የለም።

በእንግሊዝ ወንዶች ላይ በ2000 የታተመ ስሌት አለ። ሳያቋርጥ ከሚያጨስ 6 ሰው አንዱ እስከ 75 ዓመቱ በሳንባ ካንሰር ይሞታል። አምስቱ በዚህ በሽታ አይሞቱም ማለት ነው። ወንድሜ፣ አያትህ ከአምስቱ አንዱ ነበሩ፤ አልሐምዱሊላህ። ግን ስለ ስድስተኛው የሚያወራ አያት የለም፤ የልጅ ልጁን ሳያይ ሄዷልና። አምስቱም ቢሆኑ ከልብና ከሌላው የሳንባ በሽታ አደጋ አላመለጡም፤ ሳያቋርጡ ከሚያጨሱ ሰዎች ግማሽ ያህሉን የሚገድላቸው ማጨሱ ነው።

ቀደርን ማመን ግዴታችን ነው። ነገር ግን ሰበብን መተው ቀደርን ማመን አይደለም። ፍሬኑ የተበጠሰ መኪና ቁልቁለት ላይ አውጥቶ «አላህ ካለ ይቆማል» የሚል ሹፌር ተወኩል አለው አንለውም። ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ ብዙ ዑለማእ ትምባሆን ሐራም ያሉትም የለቃኒና የኡጅሁሪ ዘመን ያጣው የጉዳት ማስረጃ ስለተገኘ ነው።

▪️ ጎረቤታችንስ?

አጭሳ ስለማታውቀው ሴት ደግሞ የቻይና ታሪክ ይነግረናል። በዩናን ግዛት ሹዋንዌይ በሚባል ወረዳ ሴቶች ሲጋራ አያጨሱም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን በሳንባ ካንሰር የሚሞቱት ሴቶች ቁጥር በአገሪቱ ካሉት ሁሉ ከፍተኛ ከሆኑት አንዱ ነበር። ምክንያቱ ማድቤታቸው ነው። ጭስ ማውጫ በሌለው ቤት ውስጥ፣ መሬት ላይ በተቆፈረ ምድጃ፣ የሚጨስ ከሰል ያነዱ ነበር። በ2001 ሲጋራ ያላጨሱ የዚያ አካባቢ ታማሚዎች ካንሰር ሲመረመር ፒ-53 ላይ የተገኘው በአብዛኛው ያው ከ«ጂ» ወደ «ቲ» የሄደ ለውጥ ነው። ያው አሻራ! ጭሱ ከሲጋራ ይሁን ከምድጃ ጠባቂው አይለይም።

መልካሙ ዜና ቀጥሎ ይመጣል። ከ21 ሺህ በላይ የዚያ ወረዳ ገበሬዎችን የተከታተለ፣ በ2002 የታተመ ጥናት፣ ምድጃቸውን ጭስ ማውጫ ወዳለው የቀየሩ ቤተሰቦች የሳንባ ካንሰር አደጋቸው በ40 በመቶና ከዚያ በላይ እንደቀነሰ አሳየ። በክኒን ሳይሆን፣ በአንድ ቧንቧ!

የእኛ እናቶች የሚያነዱት የሹዋንዌይን ከሰል አይደለም። እንጨት፣ ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2010 ባሳተመው ግምገማ የቤት ውስጥ የከሰል ጭስን ካንሰር አምጪ ሲለው፣ የእንጨት ጭስን «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው ደረጃ አስቀምጦታል። በኢትዮጵያ ከ90 በመቶ በላይ ቤተሰብ የሚያበስለው በእንዲህ ዓይነት ማገዶ ነው። በአርሲ ደጋ ደግሞ ብርዱ በርና መስኮት ያዘጋል፤ ጭሱ ከእናትና ከታዘለ ሕፃን ጋር ውስጥ ይቀራል።

▪️ በእጃችን ያለው

ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ2014 አፀደቀች። በ2019 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሥራ ቦታና በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን፣ የትምባሆ ማስታወቂያን፣ ሺሻን፣ እንዲሁም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። በሌላ በኩል ከ2016 እስከ 2017 ባለው ጊዜ የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ የአገራችንን ብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት 71 በመቶ ያህል ድርሻ ገዛ፤ ወደ 944 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በ2016 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ 5 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ነጋዴ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣው ለነዚያ 5 ሰዎች ነው ወይስ ገና ላልጀመሩት 95? ሒሳቡን ለእናንተ ትቻለሁ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ካልጀመርክ አትጀምር። «ሺሻ በውኃ ይጣራል» የሚልህን አትመን፤ ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያወጣውም። ከጀመርክ ዛሬ ተው። ከላይ በጠቀስኩት የእንግሊዝ ስሌት፣ በ30 ዓመቱ ያቆመ ሰው በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድሉ ከ16 በመቶ ወደ 2 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ደግሞም በ2020 የታተመ ጥናት ማጨስ ያቆሙ ሰዎችን ሳንባ ሲመረምር፣ አጭሰው ከማያውቁ ሰዎች ጋር የሚመሳሰሉ ጤነኛ ሕዋሳት አገኘ፤ በአንዳንዱ ሰው እስከ 40 በመቶ ይደርሳሉ። አላህ በሳንባ ውስጥ ከጉዳት የተረፉ ሕዋሳት አስቀምጧል፤ ጭሱ ሲቆም ቦታውን መልሰው ይይዛሉ።

እህቴ፣ ወንድሜ፣ የእናትህን ማድቤት ሄደህ እይ። ጭስ ማውጫ ከሌለው በሚቀጥለው ደሞዝህ ወይም በዕረፍት ቀንህ አብጅለት። የተሻሻለ ምድጃ ከተገኘ ግዛላት። ለእናት ከሚደረግ በጎ ሥራ ይህ ትንሽ አይደለም።

ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ደም የተቀላቀለበት አክታ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ካለ ጤና ጣቢያ ይኬድ። እኛ ጋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው፤ ትክክልም ነው። ቲቢ አይደለም ከተባለና ሳሉ ከቀጠለ ግን «ቲቢ ካልሆነ ደህና ነኝ» ብሎ ቤት መቀመጥ አይገባም። የደረት ምርመራ እንዲታዘዝ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሳንባ ካንሰር ቀድሞ ከተገኘ ሕክምና አለው፤ ዘግይቶ ሲገኝ ግን ይከብዳል።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፣ ጤነኞቹን ይጠብቅልን፣ ትንፋሻችንን እርሱን በማውሳት የምንጨርስ ያድርገን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም። ለሚያጨስ ወዳጃችሁና ማድቤቷ ለሚጨስ እናት ልጅ አድርሱት።